ከአየር የሚቀዳው ውኃ በሊትር ይሰፈር

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አሸናፊዎች ይፋ አድርጓል። ተሸላሚዎቹ በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ በአውስትራሊያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሮብሰን እና በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባልደረባው ኦማር ያጊ ናቸው። ሦስቱን ለሽልማት ያበቃቸው፣ በውስጡ ለዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ክፍተቶች ያሉት አዲስ ዓይነት ንጥረ ነገር መሥራታቸው ነው። ከንጥረ ነገሩ ጥቅሞች አንዱ ከደረቅ አየር ውኃ ማውጣት በመሆኑ፣ ዜናው «ከበረሃ አየር ውኃ የሚያወጣ ግኝት» እየተባለ ተሰራጭቷል።

ይህ ዜና ዝቋላ ላይ ሲሰማ ትርጉሙ ከሌላው ቦታ ይለያል። ወረዳው በአብዛኛው ቆላ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ነሐሴ ሳያልቅ የሚያቋርጥበት ዓመት ብዙ ነው። ተከዜ በጥልቅ ሸለቆው ቢፈስም ከላይ ያለው ማሳ ዓይኑን የሚጥለው ሰማይ ላይ ነው። በ2015/16 የመኸር ወቅት የደረሰው ድርቅ ዝቋላን ከሳህላና ከአበርገሌ ጋር ክፉኛ ጎድቶ፣ አርሶ አደሩን ሰብል አልባ ከማድረጉም በላይ እንስሳቱን ጨርሶበታል። በሚያዝያና በግንቦት ምንጮች ሲነጥፉ እናቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። እንዲህ ባለ አካባቢ «ውኃ ከአየር ይቀዳል» የሚል ወሬ ተስፋን ያነሳሳል፤ ተስፋው ደግሞ በልኩ ካልተያዘ በጀትንም ጊዜንም ይበላል።

ስለዚህ ከአድናቆቱ በፊት መቅደም ያለበት ሒሳብ ነው። ንጥረ ነገሩ በቀን ስንት ሊትር ይሰጣል? ያ ውኃ ለመጠጥ ነው ወይስ ለማሳ? በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል? የወረዳ አመራርም አርሶ አደርም እነዚህን ጥያቄዎች አንስቶ መልሱን በቁጥር ሲያገኝ፣ ሳይንሱን ሳይንቅም ሳያመልክም በቦታው ማዋል ይችላል።

ያልተመረገ ቤት

ንጥረ ነገሩ በሳይንስ አጠራሩ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት ገና ያልተመረገ የእንጨት ቤት ማሰብ ይበቃል። ምሰሶና ማገሩ ቆሟል፤ ጭቃው ስላልተለሰነ ነፋስ እንደ ልብ ይገባል፣ ይወጣል። በዚህ ንጥረ ነገር ውስጥ በመገጣጠሚያው ቦታ የሚቆሙት የብረታ ብረት አተሞች ናቸው፤ እንደ ማገር ሆነው የሚያያይዟቸው ደግሞ ካርቦን ያለባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍት ቦታ አየርን፣ ጋዝን ወይም የውኃ ሞለኪውልን ያስገባል።

ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1989 የመዳብ አተሞችን አራት ክንድ ካለው ሞለኪውል ጋር አያይዞ በውስጡ ሰፊ ክፍተት ያለው ክሪስታል መሥራት እንደሚቻል አሳየ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ግን በቀላሉ የሚፈርሱ ነበሩ። ኪታጋዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዝ ገብቶ ሲወጣ ቅርጹ የማይፈርስ ውቅር ሠራ። ያጊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በጣም ጠንካራና ሙቀት የሚችል አንዱን ይፋ አደረገ። የዚህ ንጥረ ነገር ጥቂት ግራም፣ የውስጥ ግድግዳው ሁሉ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ስፋት አለው። ብዙ ነገር ሊይዝ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃ የመሳቡ ነገር ለቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ጨው ይረጥባል፤ ከአየሩ ውኃ ስቧል ማለት ነው። ጨው ግን የሚረጥበው የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ነው። ለውኃ ተብለው የተቀረጹት እነዚህ ንጥረ ነገሮች እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ በሆነ አየርም ይስባሉ። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና እርጥበቱ ከፍ ሲል ውኃውን ወደ ክፍተታቸው ያስገባሉ። ቀን ፀሐይ ሲያሞቃቸው ይለቁታል። የተለቀቀው እንፋሎት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ቀዝቅዞ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ከታች ይጠራቀማል።

ያጊ ለዚህ ሥራ ያለው ትጋት ከልጅነቱ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮርዳኖስ ውስጥ በአማን ከተማ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ቤቱ የቧንቧ ውኃም መብራትም አልነበረውም፤ ቤተሰቡ ከከብቶቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖር ነበር። የሠፈሩ ውኃ የሚለቀቀው አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለነበር፣ ውኃው በመጣ ጊዜ ዕቃ ሞልቶ ማስቀመጥ የልጁ ሥራ ነበር። ይህን ኑሮ የዝቋላ ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

አንድ ኪሎ ስንት ይሰጣል?

በርክሌይ ያለው የያጊ ቡድን ንጥረ ነገሩን በተለያዩ በረሃዎች ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው የአሪዞና በረሃ ሙከራ፣ አንድ ኪሎ ንጥረ ነገር በቀን 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሞሃቪ በረሃ በማራገቢያና በማሞቂያ ታግዞ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲሠራ የተደረገው መሣሪያ፣ በኪሎ በቀን ወደ 0.7 ሊትር አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአሜሪካ እጅግ ሞቃት በሆነው በሞት ሸለቆ፣ በእጅ የሚያዝና ከፀሐይ ሙቀት በቀር ሌላ ኃይል የማይፈልግ መሣሪያ ተሞክሮ በኪሎ በቀን እስከ 285 ሚሊ ሊትር ተገኝቷል። ለዚህኛው ያገለገለው በአሉሚኒየም ላይ የተመሠረተ ንጥረ ነገር ነው።

እነዚህ ውጤቶች ለሳይንስ ታላቅ ናቸው። በእንዲህ ያለ ደረቅ አየር ያለ ኤሌክትሪክ ንጹሕ ውኃ ማግኘት ከዚያ በፊት የማይታሰብ ነበር። ለወረዳ ዕቅድ ግን ቁጥሩ ወደ ጀሪካን መመንዘር አለበት። በቀን 285 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ አንድ ኪሎ ንጥረ ነገር፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳያርፍ ቢሠራ የሚሰጠው 104 ሊትር ነው። ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አምስት ጊዜ ከመሙላት ብዙም አያልፍም፤ ያውም በዓመት።

የአገሪቱ የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ ያስቀመጠው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ይሆናል። ይህን በፀሐይ ብቻ ከሚሠራው መሣሪያ ለማግኘት ከአራት ኩንታል በላይ ንጥረ ነገር ለአንድ ቤት ያስፈልጋል። ለመጠጥ ብቻ፣ በሰው ሦስት ሊትር ቢታሰብ እንኳ፣ ለዚያው ቤተሰብ 53 ኪሎ ገደማ ግድ ይላል።

የማሳው ሒሳብ

ወደ እርሻ ሲመጣ ልዩነቱ ጭራሽ ይሰፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሺህ ሊትር ውኃ ነው። በሞቃት ወቅት ሰብል የያዘ ማሳ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ቢባል፣ ሩብ ሄክታር ለሆነች አንዲት ጥማድ መሬት በየቀኑ 12 ሺህ 500 ሊትር ማለት ነው። ይህን ከአየር ለመቅዳት ወደ 440 ኩንታል ንጥረ ነገር ማሳው ዳር መዘርጋት ይኖርበታል። አርሶ አደሩ ከዚያች ጥማድ ከሚያገኘው ማሽላ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ራሱን ይመልሳል።

እንግዲህ ማንም ባለሙያ ወይም ነጋዴ ለዝቋላ አርሶ አደር «ከአየር መስኖ» የሚል ተስፋ ይዞ ቢመጣ፣ ሒሳቡ እንደማይሞላ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የማሳው ውኃ አሁንም የሚገኘው ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ነው። የወረዳው ትልቁ የውኃ ጉድለትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የዘነበው ሳይያዝ በመሄዱ ነው። በአንድ ሄክታር ተዳፋት ላይ እርከን፣ ትሬንችና ኮምፖስት ተጋግዘው ጎርፍ ሆኖ ከሚሄደው ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያስቀሩ፣ አፈሩ ውስጥ የሚገባው 500 ሺህ ሊትር ነው። በጀሪካን 25 ሺህ ይሆናል።

እዚህ ላይ የኖቤሉ ሳይንስ ለአርሶ አደሩ የሚነግረው አንድ ቁም ነገር አለ። ውኃ የሚያዘው በክፍተት ውስጥ ነው። የተሸላሚዎቹ ክፍተት በላቦራቶሪ ተለክቶ ይሠራል፤ የአፈሩን ክፍተት ደግሞ የበሰበሰ ቅጠል፣ ፍግ፣ የእፅዋት ሥርና ትላትል ይሠሩታል። እንስሳት በየማሳው እየተለቀቁ የረገጡት፣ ቃርሚያው ተጠርጎ የተወሰደበት አፈር ክፍተቱ ይደፈናል፤ ዝናብ ሲመታውም ውኃውን ወደ ወንዝ ያባርራል። ኮምፖስት የለመደ ማሳ ግን ዝናብ ካቆመ በኋላም ለጥቂት ቀናት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። በዝቋላ እነዚያ ጥቂት ቀናት ፍሬ የያዘን ማሽላ ከመክሰም ያተርፉታል።

ስለዚህ በየዓመቱ በጥር የሚጀመረው የተፋሰስ ልማት ሥራ፣ ከውጭ አገር በመጣ አዲስ ወሬ ምክንያት እንደ አሮጌ ነገር መታየት የለበትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ከሰማይ የሚጠበቀው ጠብታ ከእጅ ያለውን ጎርፍ ሊያስረሳ አይገባም።

ታዲያ ቦታው የት ነው?

ይህ ማለት ግን ግኝቱ ለዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ያለው ጥቂት ግን ንጹሕ ውኃ ሕይወት በሚያድንበት ቦታ ነው። ለዚህ ቀዳሚዋ ምሳሌ ከመንገድ የራቀች ጤና ኬላ ናት። እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ መድኃኒት የምታስውጥበት፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር የሚበጠበጥበት ውኃ ንጹሕ መሆን አለበት። በቀን 20 ሊትር ብቻ ለዚህ ሥራ ቢበቃ፣ በፀሐይ ብቻ ከሚሠራው 70 ኪሎ ገደማ፣ በማራገቢያና በማሞቂያ ከሚታገዘው ደግሞ 29 ኪሎ ገደማ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ይህ መጠን ከማሳው 440 ኩንታል ጋር ሲነጻጸር ሊታሰብ የሚችል ነው።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት ቃል የገባ ነው። ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከዋግ ኽምራ ነው። የሚቀንጭር ሕፃን የሚጎዳው ምግብ በማጣት ብቻ አይደለም፤ የበላውን በተቅማጥ ሲያወጣም ይጎዳል። ስለዚህ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ለዚህ ቃል ኪዳን የጎን ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና ለጤና ኬላዋም ቢሆን መጀመሪያ መታየት ያለበት ጣሪያዋ ነው። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ክረምቱ ደካማ ሆኖ 300 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብና ከዚያ 80 በመቶው ቢያዝ፣ 24 ሺህ ሊትር ያወርዳል። ከዚህ ውስጥ አንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ሞልቶ ክረምቱን ቢወጣ፣ ለዘጠኝ ወር በየቀኑ 37 ሊትር ይገኛል። ከአየር ይህን ያህል ለማግኘት 130 ኪሎ ንጥረ ነገር ይጠይቃል። አሸንዳና ሮቶ የሌላት ጤና ኬላ ከአየር ውኃ ልትጠብቅ አይገባም።

ጣሪያ ግን አንድ ድክመት አለው፤ ዝናብ ካልመጣ እሱም ባዶ ነው። ድርቅ ሲገባ ምንጩም ኩሬውም ሮቶውም በአንድ ላይ ይነጥፋሉ፤ ያኔ የሚቀረው በቦቴ የሚመጣ ውኃ ነው፤ መንገድ ከተዘጋ እሱም ይቀራል። የአየር ውስጥ እርጥበት ግን ዝናብ ባልዘነበበት ዓመትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የአዲሱ ግኝት እውነተኛ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሲነጥፍ ለታማሚና ለሕፃን የምትሆን ጥቂት ውኃ የሚሰጥ መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል።

ከራስ ችግር የተነሣ ምርምር

አንዳንድ ሰው «ይህ የሀብታም አገር ሳይንስ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ሊል ይችላል። አገሪቱ ያላት ልምድ ግን ሌላ ይናገራል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ጥርስን ያበላሻል፣ አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስፔን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ እዚሁ አገር የሚገኝ ስቲልባይት የተባለ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ወስደው፣ የአጥንትና የጥርስ ማዕድን በሆነው ንጥረ ነገር አልብሰው ፍሎራይድን እንዲይዝ አድርገዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ስቲልባይት ዜኦላይት ከሚባሉት ድንጋዮች ወገን ነው፤ ተፈጥሮ የሠራቸው ባለ ክፍተት ውቅሮች ናቸውና የኖቤሉ ንጥረ ነገሮች ታላላቅ ወንድሞች ማለት ይቻላል።

በራሱ በአዲሱ ንጥረ ነገር ላይም ኢትዮጵያዊ እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት አንድ የአክሱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከስፔን ባልደረቦቹ ጋር፣ ከብረት የሚሠራ የዚህ ዓይነት ንጥረ ነገር እንዴት በክፍል ሙቀት እንደሚዘጋጅና ውኃን ከበከለ ማቅለሚያ እንዴት እንደሚያጸዳ አሳይቷል። ብረት በየትም ይገኛል፤ በክፍል ሙቀት መዘጋጀቱም ኃይል ይቆጥባል። በአቅም አነስተኛ የሆነ አገር ሊመርጠው የሚገባው መንገድ ይህን ይመስላል።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚወሰደው ትምህርት፣ ምርምሩ የጀመረው ከመሣሪያው ሳይሆን ከአካባቢው ችግር መሆኑ ነው። ስምጥ ሸለቆ ጥያቄውን አቀረበ፤ ኬሚስቱ መልስ ፈለገ። ዝቋላም ጥያቄዋን በቁጥር ጽፋ ማቅረብ አለባት።

ከፊርማ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ርካሽ ነው። በፅፅቃ ከተማና በአንድ ቆላማ ቀበሌ የአየር እርጥበትና የሙቀት መለኪያ ተሰቅሎ፣ ንጋት 12 ሰዓትና ቀን 8 ሰዓት ላይ በየቀኑ ቢመዘገብ፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው የሌሊት እርጥበት ይታወቃል። ይህ መዝገብ ከሌለ የትኛው ንጥረ ነገር ለአካባቢው እንደሚስማማ ማንም ሊመርጥ አይችልም። መዝገቡን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሊይዘው ይችላል።

ሁለተኛው፣ መረጃውን ተቀብሎ ለሙከራ የሚያውል ተቋም መመደብ ነው። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የአካባቢውን አየርና አፈር ያውቃል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኬሚስቶች አሉት። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ የክልሉ ቢሮዎች ድርሻ ነው። ሙከራው በአንዲት ጤና ኬላ፣ ለአንድ ሙሉ ዓመት ቢሆን ይበቃል። በበጋ የሚነሣው አቧራ መሣሪያውን ምን ያህል እንደሚደፍነው፣ የሚወጣው ውኃ ንጽሕናውን ጠብቆ ይቆይ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያው ቦታ ሲፈተሽ ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። «ከአየር ውኃ የሚያወጣ» ተብሎ በገበያ የሚቀርበው ማሽን ሁሉ የኖቤሉን ንጥረ ነገር የያዘ አይደለም። ብዙዎቹ አየሩን እንደ ፍሪጅ በማቀዝቀዝ የሚሠሩ ሲሆኑ ኤሌክትሪክና እርጥብ አየር ይፈልጋሉ። በወረቀታቸው ላይ የሚጻፈው የሊትር መጠንም ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ላለው አየር የተሰላ ነው። የግንቦት ቀን በዝቋላ እንዲህ ያለ አየር የለም። ስለዚህ የወረዳው ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ከመፈረሙ በፊት፣ ማሽኑ በግንቦት ወር በወረዳው ውስጥ ተሞክሮ በቀን ስንት ሊትር እንደሰጠ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ በዚያው ብር ስንት ሮቶ ሊተከል ወይም ስንት ምንጭ ሊጎለብት እንደሚችል መጠየቅ አለበት። በእርዳታ የሚመጣም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነፃ መሆን የለበትም፤ ተበላሽቶ የቆመ ስጦታ ቦታ ከመያዙም በላይ የሕዝብን እምነት ይሸረሽራል።

አርሶ አደሩም በበኩሉ የሚጠብቀው ነገር የለውም። ለእሱ የሚሆነው ባለ ክፍተት ንጥረ ነገር ፍጉና ቃርሚያው ውስጥ አለ፤ ከክረምቱ በፊት አፈሩ ውስጥ መግባት አለበት። የወረዳው አመራር ደግሞ በዚህ ዓመት ዕቅዱ ውስጥ ሁለት መስመር ቢጨምር ይበቃል፤ አንዱ አሸንዳና ሮቶ ለሌላቸው ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች፣ ሌላው ለሁለት የእርጥበት መለኪያ። ቀጣዩ ግንቦት ሲደርስ ዝቋላ ለሚመጣው ሳይንቲስትም ሻጭም የምታሳየው የራሷ ቁጥር ይኖራታል።